የአቶ ሮቴሽን የክርስትና ስም

ሕዝቅኤልን በባሕር ዳር ካፒቴን የማይለው ሰው የለም። ሁሉም ግን የጀልባ ካፒቴን መስሎት ነው። ሐይቅ ዳር በተቆረቆረ ከተማ ካፒቴን ማለት ሰው ጭኖ ዘጌ ደርሶ የሚመለስ፣ ኮፍያ የሚያደርግና ከተሳፋሪ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው ነው። ሕዝቅኤል ኮፍያ ያደርጋል። የቀረውን ከተማው ራሱ ሞላለት።

መጀመሪያ መጀመሪያ ሊያርም ሞክሮ ነበር። አንድ ቀን ወደቡ አጠገብ የተዋወቃቸው ሽማግሌ፣ የሐይቁን ጀልባ ሁሉ በስም የሚያውቁ፣ «የየትኛዋ ካፒቴን ነበርህ?» ብለው ጠየቁት።

«የሄሊኮፕተር።»

ሽማግሌው ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡ። «እሷንስ አላውቃትም። አዲስ ናት?»

ከዚያ ወዲህ ማረሙን ተወው።

የሚያምነው አዘዘ ብቻ ነው፤ እሱም በግማሽ ልቡ። አዘዘ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ነው። ዕድሜውን በሽመና መኪና ጩኸት መሐል ስለጨረሰ፣ ምስጢር ሲያወራ እንኳ መንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞር ብሎ ያያል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሐይቁ ዳር ካለ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ።

«እኔስ አምንሃለሁ» ይላል አዘዘ፣ ሐይቁ እስኪሰማ። «ግን አንተ አምፖል ለመቀየር መሰላል ላይ መውጣት የምትፈራ ሰውዬ ነህ።»

«መሰላል ሞተር የለውማ።»

«ሄሊኮፕተሯን ሜዳ ላይ ያወረድህ ቀንም ሞተሩ ጠፋብኝ አላልኸኝም እንዴ?»

ሕዝቅኤል ባሕር ዳርን ያገኘው በሚስቱ ነው። ወለላ የከተማው ልጅ ነበረች፤ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርታ ጡረታ ወጣች፣ አቻምና አረፈች። አሁን ልጃቸው ወንጌላዊት «ከጥምቀት በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ፣ አባዬ» ብላለች። አዲስ አበባ፣ አራተኛ ፎቅ። ሕዝቅኤል እምቢ አላለም፤ ልጅ እወስድሃለሁ ስትል ደስ ይላል። የከነከነው ሌላ ነው። እሱ ሲሄድ «ካፒቴኑ ሄደ» ይባላል፤ «የየትኛዋ ጀልባ?» ይባላል፤ በቃ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ አንድ ቦታ እንኳ በስሙ ሳይቀመጥለት እንዴት ይሄዳል?

አንድ ቦታ ነበረው። ዋንዛ በር ይባላል፤ ወደ ዘጌ ሲኬድ ጫካው ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ትንሽ መንደር። ወለላ በሕይወት ሳለች ስሙን ማንሳት ክልክል ነበር። «እኔን መበለት ሊያደርገኝ የነበረ ቦታ በቤቴ አይጠራም» ትል ነበር።

«እዚያ ግን ስሜን ያውቁታል» አለው ለአዘዘ። «ሰው ከሰማይ ወርዶባቸው እንዴት ይረሳሉ?»

«እንግዲያ ሂደን እንስማዋ! ስምህ ሲጠራ በጆሮዬ ልስማ፤ ከዚያ በኋላ ለከተማው እኔ አወራልሃለሁ።»

አዘዘ ካወራ ከተማው ይሰማል። በዚህ ሕዝቅኤልም ጥርጣሬ አልነበረውም።

ቀኑን የመረጠው ሕዝቅኤል ነው፤ ታኅሣሥ ሩፋኤል። ነገሩ የሆነውም በዚያው ቀን ነበር።

ጀልባዋ ከተማውን ከኋላዋ ትታ ስትወጣ፣ ሕዝቅኤል እንደ ሌላው ተሳፋሪ ውኃውን አላየም፤ ሰማዩን ያይ ነበር። እዚያ ላይ፣ ደመናው የተቀደደ በሚመስልበት በኩል፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም እሱ ነበር። የሐይቁን ዳር የሚያጠኑ ሁለት ባለሙያዎች ጭኖ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር ሲመለስ። ባለሙያዎቹ ጠዋቱን ሙሉ የደንገል ፎቶ ሲያነሱ አርፍደው ደክሟቸው ተኝተዋል፤ ፀሐይዋ ደስ የምትል፣ ውኃው የተዘረጋ ቆርቆሮ የመሰለ፣ እሱም አዲስ ሙሽራ። ወለላ ማታ ከሩቅ ስታየው የምትስቀውን ሳቅ እያሰበ ነበር።

ሞተሩ መጀመሪያ ሳል አደረገው። ቀጥሎ፣ ሌሊቱን ቆሞ እንዳደረ መሪጌታ ድምፁ እየወረደ እየወረደ ሄደ። ቆይቶ እንደ ተነገረው ጥፋቱ የነዳጅ ማጣሪያው ነው፤ ያን ጊዜ ግን የማንም ጥፋት አልነበረም፣ ጊዜም አልነበረም። እጁ ከሐሳቡ ቀደመ። በግራ እጁ የያዘውን ማንሻ ወደ ታች ጣለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ሲከዳ፣ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች የሚመጣው ነፋስ አናቱ ላይ ያለውን ክንፍ ያሽከረክረዋል። ክንፉ እስከ ዞረ ድረስ ሰው ይወርዳል እንጂ አይወድቅም። ትምህርት ቤት አውቶሮቴሽን ብለው ያስተማሩት ይህንን ነው። መምህሩ መቶ ጊዜ ያሠራው ነበር፤ መቶውንም ጊዜ ሞተሩ በደኅና እየሠራ።

በግራው ውኃ፣ በቀኙ ጫካ። በመሐል አንዲት ጠፍ ሜዳ ብልጭ አለችው፤ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈባት ትመስል ነበር። ወደ እሷ አዞረው። የሞተሩ ጩኸት ሲጠፋ የቀረው የክንፉ ፉጨት ብቻ ነው፤ በፉጨቱ ውስጥ ግን ከታች የከበሮ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ሕዝቅኤል እስከ ዛሬ ይምላል። መሬቱ ሲቀርብ የሄሊኮፕተሩን አፍንጫ ቀና አደረገ፣ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ሳበ፤ ሁለቱ የብረት እግሮች ሣሩን ነክተው ትንሽ ተንሸራተቱና ቆሙ። ከባለሙያዎቹ አንደኛው ያን ጊዜ ነቅቶ «ደረስን?» አለ።

ቀዩ ምንጣፍ የዋንዛ በር ሰዎች ቡና ነበር። ሰሌን ላይ የተሰጣው የዓመቱ ቡና በክንፉ ነፋስ ተነሥቶ ገሚሱ ሐይቅ፣ ገሚሱ ጫካ ገባ። ከዚያ የሚያስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ሲሮጡ። አንዲት ሴት ውኃ በቅል ስትሰጠው። የጠየቁትን ሲመልስ። ምን ብሎ እንደመለሰ ግን አያስታውስም። በዚያው ቀን በጀልባ ወሰዷቸው፤ ሄሊኮፕተሩም በኋላ ተጠግኖ ሌላ አብራሪ አስነሣው። ሕዝቅኤል ግን ዋንዛ በርን ተመልሶ አልረገጣትም።

«አልቅሰሃል እንዴ?» አለው አዘዘ።

«ነፋሱ ነው።»

ጀልባዋ ግን ቆማ ነበር።

ዋንዛ በር ዝክር ላይ ደረሱ። ቅዳሴ ወጥቶ፣ መልክአ ሩፋኤል ተደግሞ፣ ሕዝቡ በትልቁ ዋንዛ ሥር ተቀምጧል። የነቢያት ጾም ስለሆነ ዳቦ፣ የሽምብራ ንፍሮና ጠላ ነው። እንግዶች ናቸው ተብሎ ቦታ ተለቀቀላቸው። በአንድ በኩል የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ወልደ ጻድቅ፣ ጭራቸውን ይዘው፤ በሌላ በኩል እማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣ ቆባቸው እስከ ቅንድባቸው የወረደ፣ ዓይናቸው ግን ከቆቡ ሥር ሁሉን የሚያይ።

ሕዝቅኤል ነገሩን ቀስ ብሎ ሊያነሣው አስቦ ነበር። አዘዘ ቀስ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ሄሊኮፕተር ያረፈበት አገር ይኸ ነው?»

ሸንጎው በአንድ ጊዜ ሞቀ። «ነው እንጂ!» «እዚች ሜዳ ላይ!» «ቡናችን እንደ ጤፍ ገለባ ሲበተን!»

አዘዘ ሕዝቅኤልን በክርኑ ጎሸም አደረገው፤ አሁን ትጠራለህ ማለቱ ነው። ሕዝቅኤልም ኮፍያውን አወለቀ።

«እንዲያው ማን ነበር ያወረደው?» አለ አዘዘ።

«አቶ ሮቴሽን ናቸዋ!» አሉ አለቃ ወልደ ጻድቅ።

«ማን?» አለ ሕዝቅኤል።

«አቶ ሮቴሽን። ሳይሰሙ ቀርተው ነው? ዝክሩ የሩፋኤል ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ለሳቸውም አቡነ ዘበሰማያት ሳይደገም ዳቦ አይቆረስም።»

አዘዘ ወደ ሕዝቅኤል ዞረ። ሕዝቅኤል ኮፍያውን ይዞ ቀረ።

«አለቃ» አለ እንደምንም፤ «አንድ ስሕተት ሳይኖር አይቀርም። ሕዝቅኤል የሚባል ሰው አታስታውሱም?»

«ነቢዩ ሕዝቅኤልን?»

«አይ፣ አብራሪውን።»

«አብራሪውማ አቶ ሮቴሽን ናቸው አልንዎ።»

«እሱ ሰው አይደለም!» ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «አውቶሮቴሽን ነው፤ አንድ ቃል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነፋሱ ከታች መጥቶ ክንፉን…» ሁለት እጁን አናቱ ላይ አሽከረከረ። ሰው ሁሉ እጁን ተከትሎ ቀና አለ፤ ዋንዛው ላይ ምንም አልነበረም።

እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ሲያዩት ቆይተው ነበር። አሁን ጣታቸውን ዘረጉ።

«ቆይ፣ ቆይ። አንተ ያ ከሲታ አይደለህም? ያ ሲወርድ ሮጦ እዚህ ዋንዛ ሥር ያስመለሰው?»

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ። ሕዝቅኤል ያንን ረስቶት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለወለላም፣ ለራሱም ሳይነግር በደንብ ረስቶት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ይኸው! ውኃ በቅል የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እንዲህ ሆድ አልነበረህም። እግዜር ይስጥሽ እንኳ ሳትለኝ ነው የሄድኸው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማሆይ።»

«ዘግይተሃል፤ ግን ይሁን።»

«እንግዲህ ምስክሩ ራሱ መጣ» አሉ አለቃ፤ ነገር እንዳሸነፈ ሰው ተመቻችተው። «እርስዎ አይደሉ እንዴ የነገሩን? ‹ማን አወረዳችሁ?› ብንል ‹አቶ ሮቴሽን ነው ያወረደን› አሉ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲያውም ‹ያወረዱን› ማለት ሲገባዎ ‹ያወረደን› ማለትዎን ታዝበን ነበር። ደንግጦ ነው፣ አንቱታው ጠፍቶበት ነው ብለን ተውነው።»

አዘዘ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«‹የት አሉ?› ብንልዎ ደግሞ ጣትዎን ወደ ላይ ቀሰሩ።»

ክንፉን ማሳየቱ ነበር። «ታዲያ ምን አላችሁ?» አለ ሕዝቅኤል ደክሞት።

«እዚህ ላይማ ተጣልተናል። ገሚሱ ‹አርፈዋል፣ ሰማይ ቤት ናቸው› አለ። ገሚሱ ‹ላይ ያሉ ትልቅ ባለ ሥልጣን ናቸው፣ ሥራ ጠርቷቸው ነው› አለ። እኛ ካህናቱ ለሁለቱም እንዲሆን አድርገን እንጸልያለን፤ ግን ቅር ይለናል።»

ሕዝቅኤል እንደገና አፉን ከፈተ። አብራሪው እኔ ነኝ፣ ያወረድኳት በዚህ በግራ እጄ ነው፣ ሊል ነበር። እማሆይ ቀደሙት።

«አንተ ከሲታ፣ በሰው ምስጋና ላይ አትቁም። የከተማ ሰው ነገሩ ይኸ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ ‹ነፋስ ነው› ይላል። ነፋስማ ቡናችንን ነው የወሰደ። እናንተን ያወረዷችሁ እሳቸው ናቸው። ና ላሳይህ።»

ክንዱን ይዘው አስነሡት፤ እምቢ የሚባል ዓይነት አያያዝ አልነበረም። አዘዘ ተከተለ። ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጫካው ዳር ወሰዷቸው። ሕዝቅኤል ሣሩን ሲረግጥ ሄሊኮፕተሩ የት ጋ እንደ ነካ እግሩ አወቀው። ከሜዳው ጀምሮ፣ ማንም መስመር ይዞ ያልተከለው፣ እዚህ ሦስት እዚያ አምስት ሆኖ፣ ፍሬው የቀላ ቡና በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

«ያ የተበተነው ነው» አሉ እማሆይ። «ያን ዓመት አለቀስን። ክረምቱ ሲገባ ግን እግር ባልረገጠው ቦታ ሁሉ በቀለ። ይኸን ሁሉ ‹የአቶ ሮቴሽን› እንለዋለን። ‹ከየት ለቀምሽ?› ሲሉኝ ‹ከአቶ ሮቴሽን› እላለሁ።»

ሕዝቅኤል አንድ ፍሬ ይዞ አገላበጠ።

ከወደ መንደሩ የሴት ድምፅ መጣ። አንዲት እናት ራሷን ይዛ ሾላ ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ከላይ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ መውጣቱን ችላ መውረዱ ጠፍቷት ተንጠልጥላለች።

«አትዝለይ! አትዝለይ አልሁሽ!» ትላለች እናት። «ቀስ ብለሽ፣ እንደ አቶ ሮቴሽን! እሱን ልቀቂ፣ ይኸን ያዢ… እንደ አቶ ሮቴሽን!»

ልጅቷ አንዱን ለቀቀች፣ ሌላውን ያዘች፣ እንደገና ለቀቀች፣ ያዘች፤ እግሯ መሬት ሲነካ ትንሽ ተንሸራተተችና ቆመች።

ሕዝቅኤል ቀጥ ብሎ ቀረ። በአብራሪነት ዘመኑ ምስክር ወረቀት ተሰጥቶታል፣ እጁን የጨበጡት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ ወለላም ትኮራበት ነበር። ያን ቀን ያደረገውን ነገር፣ ያንኑ ራሱን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ የነገረው ሰው ግን እስካሁን አልነበረም። መውደቅ እያለ መውረድን። ወለላ ይህንን ብታይ ስቃ ስቃ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግ ነበር፤ ከዚያ «እንግዲያ ይጠራ፣ በቤቴም ይጠራ» ትል ነበር።

«አየህ?» አሉ እማሆይ።

«አየሁ።»

ወደ ዋንዛው ሲመለሱ ዳቦው ገና አልተቆረሰም። አለቃ ወልደ ጻድቅ ጠብቀውታል። እንደ ቅድሙ ለክርክር አልነበረም፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«እርስዎ አንድ ነገር ይረዱኛል። ‹አቶ ሮቴሽን› እያልን መቅደስ ውስጥ አንጠራም፤ የዓለም ስም ነው። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ አጥተን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ‹ስሙን አንተ ለምታውቀው አገልጋይህ› እያልሁ ነው የማልፈው። እኔም አርጅቻለሁ። ሳልጠራቸው ብሞት ዕዳ ይሆንብኛል። እርስዎ አብረዋቸው ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ሕዝቅኤል አዘዘን አየው። አዘዘ ስሙ ሲጠራ ሊሰማ ነበር የመጣው። አሁን አንድ ቃል ቢል፣ «እኔ ነኝ» ብሎ በእልህ ቢገፋበት፣ ምናልባት ያምኑት ነበር። አምነው ምን ይሆናሉ? አቶ ሮቴሽን ያልፋል፤ የሚቀረው ያስመለሰው ከሲታ ነው። ያቺ እናትስ ነገ ልጇን እንደ ማን ውረጂ ትላለች?

እናቱ ብቻ የምትጠራው አንድ የክርስትና ስም ነበረው። እሷ ካለፈች ወዲህ ከቄስ በቀር ማንም አንሥቶት አያውቅም፤ ወንጌላዊት እንኳ መስማቷን ይጠራጠራል።

«ወልደ ገብርኤል» አለ።

«ወልደ ገብርኤል!» አለቃ ስሙን በአፋቸው ውስጥ አዟዟሩት፤ ክብደቱን የሚለኩ ይመስል። «ደግ ስም ነው። እና… አርፈዋል? ‹ነፍስ ይማር› ልበል ወይስ ‹ዕድሜ ይስጥ›?»

ለሁለት የተከፈለ መንደር ፍርዱን ሊሰማ ነው።

«በሕይወት አለ» አለ ሕዝቅኤል።

«አላልሁም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ዝም በል፣ ይጨርስ» አለው ሌላው፤ የተረታው ወገን መሆኑ ነው።

«ጤናቸው እንዴት ነው?» አሉ እማሆይ።

«ደኅና ነው። ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል። ሚስቱ አርፋበታለች። ልጁ አዲስ አበባ ልትወስደው ነው፤ አራተኛ ፎቅ።»

«አይ፣ ከፍታውን አይፈሩትም፤ ለምደዋል» አሉ እማሆይ። «ሚስትየዋስ ማን ትባል ነበር? እሷንም እንጥራት።»

የመለሰው አዘዘ ነው። አዘዘ፣ መንገድ ማዶ እስኪሰማ የሚያወራው አዘዘ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀና እስኪያደርግ ድረስ ዝግ ብሎ፦

«ወለላ ትባል ነበር። ክርስትናዋ ወለተ ኪዳን። እኔም ሰውየውን አውቀዋለሁ። ደኅና ሰው ነው።»

አለቃ ተነሡ። ሕዝቡም ተነሣ። ሕዝቅኤል ጉልበቱን ይዞ ሲነሣ እማሆይ በአንድ እጃቸው ደገፍ አደረጉት።

«ስለ ወለተ ኪዳን ነፍስ አቡነ ዘበሰማያት! ስለ ወልደ ገብርኤል ዕድሜና ጤና አቡነ ዘበሰማያት!»

መንደሩ በአንድ ድምፅ ጀመረ። ሕዝቅኤል ለራስ አብሮ መድገም ይፈቀድ እንደሆነ አያውቅም፤ የሚጠይቀውም ሰው አልነበረም። ለሚስቱ የተባለውን እንደ ሌላው ደገመ። ለወልደ ገብርኤል የተባለውን ግን ድምፁ አስቸግሮት፣ ከሕዝቡ ትንሽ ዘግይቶ ጨረሰ።